ስለ ሌሊት ባቡርና ስለ ባለ አልጋው ፉርጎ

ዘንድሮ በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ስለ መጓጓዣ ስንማር፣ «ባለ አልጋ ባቡር ለእኛ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም?» የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ከክፍላችን ተማሪዎች አብዛኞቻችን ባቡርን በሥዕል እንጂ በዓይን አላየነውም፤ ሐዲዱ ከዓባይ ማዶ ነውና። ስለዚህ ከመጻሕፍት ያገኘሁትንና በሒሳብ ያሰላሁትን ለክቡራን አንባብያን በአጭሩ ለመግለጽ እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ጥቅሙን እንመልከት። ከቢቸና ወደ አዲስ አበባ ለጉዳይ የሚሄድ ሰው፣ ነጋዴም ይሁን ሐኪም ፈላጊ፣ አንድ ቀን ለመሄጃ፣ አንድ ቀን ለጉዳዩ፣ አንድ ቀን ለመመለሻ ያውላል። በዚህም ላይ የሁለት ሌሊት ማደሪያ ይከፍላል። ጤፉን ሸጦ በሽተኛ ይዞ ለሚሄድ ገበሬ የማደሪያው ወጪ ከመድኃኒቱ ዋጋ ባልተናነሰ ያሳስበዋል። ባለ አልጋ ባቡር ግን መንገዱንና መኝታውን አንድ ያደርጋቸዋል። ተሳፋሪው ማታ ተኝቶ ጠዋት ከሚሄድበት ከተማ ይነሣል፤ ቀኑም ገንዘቡም ይተርፉለታል።

ይህን ሐሳብ በሰፊው ሥራ ላይ ያዋለው አሜሪካዊው ጆርጅ ፑልማን ሲሆን፣ ዘመኑም 1850ዎቹ ዓ.ም. ነበር። የቤልጅግ ተወላጅ የሆነው ዦርዥ ናግልማከርስ አሜሪካን ጎብኝቶ ከተመለሰ በኋላ በ1865 ዓ.ም. በአውሮፓ የባለ አልጋ ፉርጎዎች ኩባንያ አቋቋመ። ኦሪየንት ኤክስፕረስ የተባለው የዚሁ ኩባንያ ዝነኛ ባቡር በመስከረም 1876 ዓ.ም. ከፓሪስ ወደ ቁስጥንጥንያ ጉዞ ጀመረ። በዚያን ጊዜ ሐዲዱ እስከ መጨረሻው ስላልተዘረጋ፣ መንገደኞቹ የመጨረሻውን ጉዞ በጥቁር ባሕር ላይ በመርከብ ይፈጽሙ ነበር።

የፉርጎው አሠራር እንደሚከተለው ነው። ውስጡ በትንንሽ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው። ቀን ወንበር የነበረው ማታ ተዘርግቶ አልጋ ይሆናል፤ ከበላዩም በግድግዳው ላይ ታጥፎ የዋለ ሌላ አልጋ ይወርዳል። ዋጋው ዝቅ ባለው ክፍል አራት ወይም ስድስት ሰዎች አብረው ይተኛሉ፤ ከፍ ባለው ከአንድ እስከ ሦስት። የፉርጎው አስተናጋጅ መውረጃው ሳይደርስ መንገደኛውን ይቀሰቅሳል። አንዳንዴም እኩለ ሌሊት ላይ በመጋጠሚያ ጣቢያ ፉርጎው ተፈትቶ ወደ ሌላ ከተማ ከሚሄድ ባቡር ጋር ይያያዛል፤ የተኛው ሰው ግን ይህን ሁሉ አያውቅም።

ወደ አገራችን እንመለስ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ፣ ሐዲዱ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ገባ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ በቀን ብቻ ይሄድ ስለ ነበር ጉዞው ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ ይኸውም በአማካይ በቀን 261 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። መንገደኛው ሁለቱን ሌሊት በድሬዳዋና በአዋሽ ያድር ነበር። በአዋሽ ጣቢያ አጠገብ ያለው ቡፌ ዳዋሽ የተባለው ሆቴል የዚያ ዘመን ማስታወሻ ነው። በኋላ ግን ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው 473 ኪሎ ሜትር በሌሊት ባቡር ይታለፍ ጀመር።

እንግዲህ ጥያቄውን በሒሳብ እንፍታው። ባቡሩ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተነሥቶ ጠዋት 1 ሰዓት ቢደርስ 11 ሰዓት ይጓዛል። በሰዓት በአማካይ 70 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 770 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ በኤሌክትሪክ ኀይል የሚሠራው አዲሱ የአዲስ አበባና የጅቡቲ ሐዲድ ርዝመቱ ከ750 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ርቀቱ ለአንድ ሌሊት እንቅልፍ ልክ ነው ማለት ይቻላል።

ከቢቸና እስከ አዲስ አበባ ግን 300 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ሐዲድ ኖሮ ባቡሩ በዚያው ፍጥነት ቢሄድ ከአራት ሰዓት ብዙም ሳይበልጥ ይደርሳል። ከምሽቱ 2 ሰዓት የተሳፈረ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ ከነበሽተኛው ጣቢያ ሊጣል ነው። በዚያ ሰዓት ሐኪም ቤቱን ማን ይከፍትለታል? ማደሪያ መፈለጉም አይቀርለትም። ለእኛ የሚበጀን እንግዲህ አልጋ ሳይሆን ማለዳ ተነሥቶ ሦስት ሰዓት ላይ የሚያደርስ፣ ማታም የሚመልስ ባለ ወንበር ባቡር ነው።

ሌላም ችግር አለ። በአንድ ወንበር ላይ በቀን ብዙ ሰው ሊፈራረቅበት ሲችል፣ አንድ አልጋ ግን በአንድ ሌሊት የሚያገለግለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ፈጣን ባቡርና ርካሽ አውሮፕላን ሲመጡ በአውሮፓ ብዙ የሌሊት ባቡሮች የቀሩት በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። የጀርመን ምድር ባቡር በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ባለ አልጋ ፉርጎዎቹን ሲያቆም፣ የኦስትሪያው ግን ከመስመሮቹ ብዙዎቹን ተረክቦ ሥራውን ቀጠለ። አንዱ የተወውን ሌላው ያነሣው፣ ርቀቱና የመንገደኛው ብዛት ከየት የት እንደሚመች አስልቶ ነው።

ክቡራን ወላጆችና ውድ ጓደኞቼ! ሌላ አገር ያለው ነገር ሁሉ ለእኛ ይሁን ማለት ምኞት ነው፤ የእኛን ርቀት ለክቶ የሚስማማንን መጠየቅ ግን ዕውቀት ነው። ከእኛ መካከል ነገ መሐንዲስ የሚሆን ቢገኝ፣ የዓባይን ሸለቆ የሚሻገር ሐዲድ ሲያስብ፣ በመጀመሪያ ማለዳ ከቢቸና የሚነሣውን በሽተኛ ያስብልን።