ብለዲ ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል

እንግሊዝኛ የምትማሩ ልጆች ሆይ፤ በእንግሊዞች ዘንድ ብለዲ የሚባል ቃል አለ። ትርጓሜው ደም የነካው ማለት ነው። በደም የተነከረ ልብስ ወይም ብዙ ሰው ያለቀበት ጦርነት በዚህ ቃል ቢጠራ ማንም አይቆጣም። ነገር ግን ሰው ተናዶ ወይም ነገሩን ለማጋነን «እጅግ» በማለት ፈንታ ሲናገረው ብልግና ይሆናል። ከከባዶቹ ስድቦች ባይቆጠርም፥ ጨዋ ልጅ በአስተማሪው ፊት አይናገረውም።

ይህ ቃል ከወዴት መጣ? ብዙ ሰዎች «በእመቤታችን» ብሎ ከመማል መጣ ይላሉ፤ ያ መሐላ በእንግሊዝኛ ሲያጥር ድምፁ ከዚህ ቃል ጋር ጥቂት ይመሳሰላልና። ነገሩ ለጆሮ ይጥማል፤ ሲመረመር ግን አይጸናም። መሐላ ራሱን ችሎ ይነገራል፤ ብለዲ ግን እንደ «እጅግ» ከሌላ ቃል ፊት ይቆማል። ሌሎችም በ17ኛው መቶ ዓመት «ደሞች» ይባሉ ከነበሩት ሰካራምና ረባሽ የመኳንንት ልጆች ስም መጣ ይላሉ። ይህኛው ከአገባቡ ጋር ይስማማል፤ ቢሆንም ሊቃውንቱ ሁሉ አልተስማሙበትም።

የቃሉ ክብደት እንደ ዘመኑ ተለዋውጧል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1711 ዓ.ም. ስዊፍት የተባለው ቄስና ደራሲ ለሴት ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ የቀኑን ሙቀት በዚህ ቃል ገለጸ፤ አላፈረበትም። በኋላ ዘመን ግን ጋዜጦች ከፊደሎቹ አብዛኞቹን በሰረዝ ይሸፍኑ ነበር። በ1914 ዓ.ም. በለንደን ከተማ የበርናርድ ሾው ድርሰት የሆነው ፒግማሊዮን የተባለ ቴያትር ታየ። በዚያም አንዲት ድሃ አበባ ሻጭ እንደ ወይዘሮ መናገር ትማራለች። አነጋገሯ ከተቃና በኋላ በጨዋ ሰዎች መካከል ይህን ቃል ብትናገር ተመልካቹ በሳቅ ፈነዳ፤ ጋዜጦችም ብዙ ጻፉበት። ዛሬ ቃሉ እንደዚያን ጊዜ አያስደነግጥም።

እንግዲህ ከዚህች አበባ ሻጭ ተማሩ። ድምፁን አሳምሮ መናገር፥ ትርጓሜውንም ማወቅ ብቻውን አይበቃም። ቃሉ ለማን፥ በምን ስፍራ፥ በምን ጊዜ እንደሚነገር መለየት ይገባል። ከባዕድ አገር ሰው አፍ የሰማችሁትን ቃል ሁሉ ሳትጠይቁ አትድገሙ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና፥ ከተናገሩት በኋላ መመለስ አይቻልም።