ቦካ፣ ረጋ፣ ሻገተ፦ ስለ ኮምጣጣ ዳቦ፣ ስለ ሰማያዊ አይብና ስለ ፔካን



የዛሬው ትምህርታችን ስለ ምግብ ነው። እያነበባችሁ ከራባችሁ አይግረማችሁ፤ አሠራሩን ወደ መጨረሻው ጽፌላችኋለሁ።

በቅድሚያ ቃላቱን እንያቸው። በእንግሊዝኛ ሊጡም፣ እርጎውም፣ ጠላውም «ፈርመንት» አደረገ ይባላል። አንድ ቃል ለሁሉም ይበቃል። አማርኛ ግን ለእያንዳንዱ የየራሱ ግሥ አለው። ሊጥ ይቦካል። ወተት ይረጋል፤ «እርጎ» የሚለው ስም የመጣውም ከዚሁ «ረጋ» ከሚለው ግሥ ነው። ጠላና ጠጅ ደግሞ ይጠነሰሳሉ። «ወተቱ ቦካ» ወይም «ሊጡ ረጋ» ብትሉ አያታችሁ በስልክ ይስቁባችኋል።

እነዚህ ግሦች የጥሩ ሥራ ግሦች ናቸው፤ ባለሙያ ሴት ስትመሰገን የምንሰማቸው። በሌላ ወገን ደግሞ የወቀሳ ግሦች አሉ፦ ተበላሸ፣ በሰበሰ፣ ገማ፣ ሻገተ። ዛሬ የምናየው በሁለቱ ወገን መካከል ያለውን ድንበር ነው።

ዳቦው

ሳወርዶ የሚባለውን ዳቦ በየሱፐርማርኬቱ ታዩታላችሁ። ስሙ ሲተረጎም «ኮምጣጣ ሊጥ» ማለት ነው። የሚቦካው ከሱቅ በተገዛ ደረቅ እርሾ አይደለም፤ ዱቄትና ውሃ ተቀላቅሎ፣ ተጠብቆ፣ በራሱ ጊዜ እርሾ ይሆናል። ውስጡ በዓይን የማይታዩ ሁለት ዓይነት ሕያዋን ነገሮች አሉ። አንደኛው የእርሾ ፈንገስ ነው፤ የዱቄቱን ስኳር እየበላ ጋዝ ያወጣል፣ ሊጡም ኩፍ ይላል። ሁለተኛው ባክቴሪያ ነው፤ እሱ ደግሞ አሲድ ይሠራል፣ ሊጡም ይኮመጥጣል። አሲዱ ብዙ መጥፎ ጀርሞችን ያርቅልናል።

ይሄ ነገር የምታውቁት መሰላችሁ? ትክክል ነው። ቤታችሁ ጥግ ላይ ተከድኖ የሚቀመጠው የእንጀራ ሊጥም በዚሁ መንገድ ነው የሚቦካው። ሊጡ ላይ የሚንሳፈፈው ቢጫ ውሃ እርሾ ይባላል፤ ለሚቀጥለው ሊጥ ይቀመጣል። ልዩነቱ እህሉ ላይ ነው። ስንዴ ግሉተን ስላለው ጋዙን አፍኖ ይይዝና ዳቦው ያብጣል። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ጋዙ ምጣዱ ላይ ሾልኮ ይወጣና የእንጀራውን ዓይን ይሠራል።

በካሊፎርኒያ ያለችው ሳን ፍራንሲስኮ በዚህ ዳቦ የታወቀች ናት። ቡዲን የሚባለው ዳቦ ቤቷ የተከፈተው በወርቅ ፍለጋው ዘመን፣ በ1849 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) በኋላ ወደ አላስካ ወርቅ ሊፈልጉ የሄዱ ሰዎች እርሾው በብርድ እንዳይሞትባቸው ልብሳቸው ሥር ይዘው ያድሩ ነበር ይባላል። ሰዎቹ ራሳቸው «ሳወርዶ» ተብለው እስከ መጠራት ደረሱ። በ1971 ተመራማሪዎች አንዱን የእርሾ ባክቴሪያ በሳን ፍራንሲስኮ ስም ጠሩት። ባክቴሪያው ግን በሌሎች አገሮች እርሾ ውስጥም ተገኝቷል። ስም ማውጣትና ባለቤት መሆን አንድ አይደለም መሰለኝ።

እርሾውን ቤት መሥራት ትችላላችሁ። 50 ግራም ያልተነፋ የስንዴ ዱቄት ከ50 ግራም ለብ ያለ ውሃ ጋር በብርጭቆ ማሰሮ አዋህዱ፣ ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ ክደኑ። ከዚያ በየቀኑ 50 ግራሙን ብቻ አስቀርታችሁ 50 ግራም ዱቄትና 50 ግራም ውሃ ጨምሩ። ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ፣ በመገባችሁት በጥቂት ሰዓት እጥፍ ሆኖ ኩፍ ማለት ይጀምራል።

«ለምን ይጣላል? ያሳዝናል!» የሚል ተማሪ እንደሚኖር አውቃለሁ። እስቲ እናስላው። ምንም ሳትጥሉ፣ ባላችሁ እርሾ ልክ ዱቄት፣ በዚያው ልክ ውሃ ብትጨምሩ በየቀኑ በ3 ይባዛል። 50 የነበረው 150፣ ቀጥሎ 450፣ ቀጥሎ 1350፣ ቀጥሎ 4050፣ በአምስተኛው ቀን 12150 ግራም ይሆናል። ከ12 ኪሎ በላይ ሊጥ! የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ እኔ እንዲህ ያለ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ ወላጆቻችሁ ግን ደስ የሚላቸው አይመስለኝም።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን መጥፎ ሽታ ቢያመጣ አትደንግጡ፣ ያልፋል። ነገር ግን ሮዝ ወይም ብርቱካንማ ቀለም ካሳየ፣ ወይም ጸጉር የመሰለ ነገር ከበቀለበት ሁሉንም ጣሉትና እንደገና ጀምሩ። ጥሬ ሊጥ ደግሞ አይቀመስም።

አይቡ

ብሉ ቺዝ ላይ የምታዩት ሰማያዊ መስመር ሻጋታ ነው። አዎ፣ ሻጋታ። ስለዚህ «ቲቸር፣ ይሄ አይብ ሻግቷል» የሚል ተማሪ አማርኛው ልክ ነው። «ተበላሽቷል» ካለ ግን ልክ አይደለም።

በደቡብ ፈረንሳይ ሮክፎር የምትባል መንደር አለች። ዋሻዎቿ ቀዝቃዛና እርጥብ ናቸው። አንድ እረኛ ምሳውን ዋሻ ውስጥ ትቶ ሄዶ፣ ከብዙ ቀን በኋላ ሲመለስ አይቡ ሰማያዊ ሆኖ አገኘው የሚል ተረት ይነገራል። ተረቱን ተዉትና፣ በ1411 ንጉሥ ሻርል ስድስተኛ ይህንን አይብ ዋሻው ውስጥ የማቆየት መብት ለዚያች መንደር ሰዎች ብቻ ሰጥቷል። አይቡ የሚሠራው ከበግ ወተት ነው። በድሮው አሠራር ሻጋታውን የሚያገኙት፣ ምን ይመስላችኋል፣ ከዳቦ ነበር! ዳቦ ዋሻው ውስጥ ያስቀምጡና ሻጋታው ሲወርሰው አድርቀው ይፈጩታል፤ ዱቄቱን አይቡ ውስጥ ይጨምሩታል። ሻጋታው አየር ስለሚፈልግ አይቡን በረጃጅም መርፌ ይበሱታል። ሰማያዊዎቹ መስመሮች የሚበቅሉት በዚያ ነው።

እንግዲያው ቤት የሻገተ ዳቦ ለምን አንበላም? የአይቡ ሻጋታ ማን እንደሆነ ይታወቃል፤ ተመርጦ፣ ተጠብቆ የገባ ነው። ዳቦአችሁ ላይ የወጣው ግን ያልተጠራ እንግዳ ነው፤ አንዳንዱ መርዝ ይሠራል። አረንጓዴውን ብቻ ቆርጦ ሌላውን መብላትም አይሆንም፤ የማይታዩ ክሮቹ ወደ ለስላሳው ዳቦ ገብተዋል። ሙሉውን ጣሉ።

ስለ ሽታው ደግሞ አንድ ነገር። ብሉ ቺዝ ሲቀርብ አንዳንዶቻችሁ አፍንጫችሁን ትይዛላችሁ። እናንተ ምሳ ዕቃችሁን ስትከፍቱ ጎናችሁ የተቀመጠው ልጅ አፍንጫውን ይዞባችሁ ያውቃል? አብዛኞቻችሁ እጃችሁን እንደምታወጡ አውቃለሁ። በጎጃም መታታ አይብ የሚባል፣ በቅመም ተደርጎ ብዙ ቀን የሚቆይ አይብ አለ፤ ሽታው ቀላል አይደለም፣ የሚወዱት ሰዎች ግን በጣም ይወዱታል። «አልወደውም» በሉ፣ መብታችሁ ነው። «ገማ» ግን ለተበላሸ ነገር ይቆየን።

ፔካኑ

ፔካን የሰሜን አሜሪካ የዛፍ ፍሬ ነው። ከዘሩ የሚበቅለው ዛፍ እንደ እናቱ ጥሩ ፍሬ ላይሰጥ ይችላል። በ1846 ገደማ በሉዊዚያና፣ ኦክ አሊ በሚባል እርሻ ላይ፣ በባርነት የተያዘ አንትዋን የሚባል አትክልተኛ መፍትሔ አገኘ፤ የጥሩውን ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ ከሌሎች 16 ዛፎች ጋር አያያዘ፣ ጸደቀለትም። በ1876 የዚያ ዓይነት ፔካን በፊላደልፊያ ትልቅ ኤግዚቢሽን ላይ ተሸለመ። የአንትዋንን የአባት ስም ግን የመዘገበ የለም።

አሁን ይህንን ክፍል ወላጆችም ያንብቡልኝ። በብዙዎቻችን ቤት «ለውዝ» ስንል ኦቾሎኒ ማለታችን ነው፤ እሱ መሬት ውስጥ ያፈራል። በመጽሐፍ ቅዱስ ግን የአሮን በትር ያፈራችው ለውዝ የዛፍ ፍሬ ነው፣ አልሞንድ። ስለዚህ አለርጂ ያለበት ልጅ «ለውዝ አለበት?» ብሎ ሲጠይቅ «የለበትም» የሚል መልስ ቢሰጠው፣ ምግቡ ውስጥ ግን ፔካን ቢኖር፣ ማንም ሳይዋሽ ልጁ ሆስፒታል ሊገባ ይችላል። መክሰስ ስታመጡ «ፔካን አለበት»፣ «ኦቾሎኒ አለበት» ብላችሁ በየስሙ ንገሩ፤ ወረቀት ላይ ጻፉበትም።

አሠራር (ለ4 ልጆች)

አንድ እፍኝ ፔካን በደረቅ መጥበሻ፣ በቀስታ እሳት፣ 5 ደቂቃ ያህል አመስ አመስ አድርጉ። ሽታው ሲመጣ አውርዱ፤ እንደ ቡና እስኪጠቁር አትጠብቁ። ምድጃው ጋ አዋቂ ሰው ይኑር። 60 ግራም ብሉ ቺዝና 60 ግራም የእኛን አይብ በሹካ ለውሱ፤ አይባችን ኃይለኛውን ጣዕም ያበርድለታል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትቀምሱ ልጆች ብሉ ቺዙን 30፣ አይቡን 90 አድርጉት። 4 ቁራጭ ሳወርዶ ጥበሱ፣ አይቡን ቀቡት፣ የተሰባበረውን ፔካን በትኑበት፣ ማር ጠብ አድርጉበት። ነፍሰ ጡር እናት ቤት ካለች ብሉ ቺዝ ከመብላቷ በፊት ሐኪሟን ትጠይቅ። ፔካን የማይስማማው ልጅ ካለ የእሱን በሌላ መጥበሻና በሌላ ቢላዋ ለብቻው ሥሩለት።

መልመጃ

1. ባዶ ቦታውን ሙሉ፦ ሊጡ ____፤ ወተቱ ____፤ ጠጁ ____፤ ጠረጴዛ ላይ የተረሳው ዳቦ ____።

2. ብሉ ቺዝ ሲዘጋጅ የሚሆነውን ለመናገር «ሻገተ» ከሚለው የወቀሳ ቃል ሌላ ጥሩ ግሥ ያስፈልገናል። አያቶቻችሁን ደውላችሁ ጠይቁና ያገኛችሁትን ለሚቀጥለው ቅዳሜ ጽፋችሁ አምጡ። የራሳችሁን ፈጥራችሁ ከመጣችሁም እቀበላለሁ።