የቤተ መቅደስ መዘምራን ሥርዓትና ኑሮ

መጽሐፈ ዜና መዋዕል ቀዳማዊን የሚያነብ ሰው ምዕራፍ 25 ላይ ሲደርስ የስሞቹን ብዛት አይቶ ለማለፍ ይፈተናል፤ እኛም ብዙ ጊዜ አልፈነዋል። ረጋ ብለን ስንመረምረው ግን በእስራኤል ቤተ መቅደስ መዝሙር ሹመት፣ ትምህርትና ተራ ያለው አገልግሎት እንደ ነበረ እንረዳለን።

መጽሐፉ ሥርዓቱን የመሠረተው ንጉሥ ዳዊት መሆኑን ይናገራል። የተጻፈው ሕዝቡ ከባቢሎን ምርኮ ከተመለሰ በኋላ ስለ ሆነ፣ በጸሐፊው ዘመን ይሠራበት የነበረውንም ልማድ ሳያሳየን አይቀርም። የመዘምራኑ አለቆች አሳፍ፣ ኤማንና ኤዶታም ነበሩ። የአሳፍ 4፣ የኤዶታም 6፣ የኤማንም 14 ወንዶች ልጆች በድምሩ 24 ናቸው፤ በእያንዳንዳቸው ስም 12 መዘምራን ስለ ተመደቡ የሠለጠኑት ሁሉ 288 ሆኑ። በየተራቸው ማገልገላቸው በቤተ ክርስቲያናችን ሰሞነኛ የምንለውን ያስታውሰናል።

ስለ መሣሪያዎቹ አንድ ነገር እንጨምር። በመጽሐፍ ቅዱሳችን «መሰንቆ» ሲባል በቀስት የሚመታው ባለ አንድ ጅማት መሣሪያ ሊመስለን ይችላል። የእስራኤላውያኑ ግን በጣት ወይም በመምቻ የሚደረደር ባለ ብዙ አውታር ስለ ነበረ ለክራርና ለበገና ይቀርባል።

ተራው የተወሰነው በዕጣ ነው፤ ታናሽና ታላቅ፣ መምህርና ደቀ መዝሙር እኩል ተጣጣሉ። ከአሳፍ ልጆች በዝርዝሩ ቀድሞ የተጠራው ዘኩር ነው፤ የመጀመሪያው ዕጣ ግን ለወንድሙ ለዮሴፍ ወጣ፣ ዘኩርም 3ኛ ሆነ። ተማሪው ከመምህሩ ቀድሞ የሚቆምበት ሰሞን ሊመጣ ይችል ነበር ማለት ነው። ይህን ሁሉም በደስታ ተቀብሎት ይሆን ብለን መጠየቃችን አልቀረም።

በዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 9 መዘምራኑ ሌሊትና ቀን ስለሚያገለግሉ ከሌላ ሥራ ነጻ እንደ ነበሩ ተጽፏል። እንግዲህ እንጀራቸው ሕዝቡ በሚያመጣው ዐሥራት ላይ የተመሠረተ ነበር። ከምርኮ በተመለሱት ዝርዝር ውስጥ፣ በመጽሐፈ ዕዝራ ምዕራፍ 2፣ ሌዋውያኑ 74 ብቻ ሲሆኑ የአሳፍ ልጆች መዘምራን 128 ናቸው። ለዝማሬ የመጡት እነዚህ ብዙዎች ምን ይበሉ ነበር?

መልሱን በመጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 13 እናገኛለን። ነህምያ በአርጤክስስ 32ኛ ዓመት ወደ ንጉሡ ሄዶ ሲመለስ ለሌዋውያን የሚገባው ድርሻ እንዳልተሰጣቸው፣ እነርሱና መዘምራኑም አገልግሎቱን ትተው እያንዳንዳቸው ወደ እርሻቸው እንደ ሄዱ ተረዳ። እኛ በየቁምስናችን መዘምራን ሲጎድሉ ወይም የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ሲቀር «ትጋት የላቸውም» ለማለት እንቸኩላለን። ነህምያ የተቆጣው በሹማምንቱ ላይ ነው፤ የእግዚአብሔር ቤት ስለ ምን እንደ ተተወ ጠየቃቸው። የሄዱትንም ሰብስቦ በየስፍራቸው አቆማቸው። ይሁዳም ሁሉ የእህሉን፣ የወይን ጠጁንና የዘይቱን ዐሥራት ወደ ዕቃ ቤቱ አገባ፤ ለወንድሞቻቸው እንዲያካፍሉም የታመኑ ሰዎች በዕቃ ቤቱ ላይ ተሾሙ።