ገርጂ ላይ ክሊኒክ ለምትከፍት የጥርስ ሐኪም

ልጄ፣ ገርጂ ላይ ክሊኒክ ልትከፍቺ ነው አሉኝ። የቦሌ ታካሚ አንብቦ ነው የሚመጣው፤ «የሸሸ ድዴን መልሺልኝ» ይልሻል። አንቺም የጥርስን ሥር በአሲድ ማሰናዳቱን፣ እኛ ኮንዲሽኒንግ የምንለውን፣ ልትጀምሪ እንዳሰብሽ ሰምቻለሁ። ከመጀመርሽ በፊት የምልሽ አለኝ።

1. እጅሽ ይቅደም። ሥሩ ላይ ድንጋይ ተጣብቆ ሳለ የሚቀባ ነገር ሁሉ ከንቱ ነው። ከተማው ጥርስ ማሳጠብን እንደ መኪና እጥበት ቶሎ የሚያልቅ ሥራ አድርጎ ለምዷል፤ አንቺ ግን የድዱ ኪስ ውስጥ ገብተሽ በኩሬት እስኪለሰልስ ፋቂ። ወረፋው ቢረዝም ይርዘም።

2. አሲዱ ምን እንደሚሠራ በትክክል እወቂ። ኩሬቱ ካለፈ በኋላ ሥሩ ላይ ደቃቅ ፍርፋሪ ልስን ሆኖ ይቀራል። አሲዱ ያንን ያነሣል፤ የዴንቲኑ ቀዳዳዎች ይከፈታሉ፣ የኮላጅኑ ክሮች ይጋለጣሉ፣ የሚረጋው ደምም እነሱን ይይዛል። ትልቁ ጉዳይ ይኼ የረጋ ደም ነው። ከሥሩ ሳይላቀቅ ከቆየ ጥርሱን ከአጥንቱ ጋር የሚያያይዘው ጅማት ሴሎች ለመድረስ ጊዜ ያገኛሉ። ከተላቀቀ ግን ከሁሉ ፈጣኑ የድዱ ሽፋን፣ ኤፒተሊየም፣ ወደ ታች ወርዶ ቦታውን ይይዛል፤ ቁስሉ ይድናል፣ ጅማት ግን አይበቅልም። ተመራማሪው ሜልቸር እ.ኤ.አ. በ1976 የጻፈው ይኼንኑ ነበር፦ ሥሩ ጋ ቀድሞ የደረሰው ሴል የፈውሱን ዓይነት ይወስናል። ስለዚህ የተገለጠው ድድ ከስፌት በኋላ እንዳይንቀሳቀስ መጨነቅሽ ስለ አሲዱ ከመጨነቅሽ ይብለጥ።

3. ከሦስቱ ማሰናጃዎች ስትመርጪ። በፒኤች 1 የሚቀባው ሲትሪክ አሲድ ከእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ ጀምሮ የተለመደ ነው፤ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ይበቃዋል፣ ግን የነካውን ሕያው ሥጋ ያቃጥላል። ቴትራሳይክሊን ሥሩ ላይ ተጣብቆ ቀስ በቀስ ይለቀቃል፤ የ250 ሚሊግራም ካፕሱል ከፍተሽ በጨው ውኃ ማሟሟት ያምርሽ ይሆናል፣ ዳሩ ግን ካፕሱሉ ውስጥ ሌላ ዱቄትም አለ፣ ለቁስልም ተብሎ አልተዘጋጀም። እኔ የምመርጠው 24 በመቶ የኢዲቲኤ ጄል ነው፤ ፒኤቹ ከገለልተኛ የማይርቅ ስለሆነ ጎረቤት ሴሎችን አይገድልም። 2 ደቂቃ አቆይተሽ በብዙ ጨው ውኃ እጠቢው። ለሥር ቦይ የምትጠቀሚበት 17 በመቶው ፈሳሽ ስሙ ቢመሳሰልም ለዚህ አልተሠራም።

4. ሲትሪክ አሲዱን ታካሚው ፊት «የሎሚ አሲድ» አትበይ። ማታውኑ ሎሚና ጨው ይዞ ጥርሱን ያሸዋል፤ ኢናሜል ደግሞ አንዴ ከሄደ አይመለስም።

5. አሳማ እንዳለበት ሳትነግሪ አትቀቢ። ከኢዲቲኤው ቀጥሎ ብዙ ጊዜ የሚቀባው ኤምዶጌን የተባለው ጄል የሚሠራው ከአሳማ ግልገል ጥርስ ነው። ከምንሸፍንባቸው ስስ የኮላጅን ሽፋኖችም ብዙዎቹ ከአሳማ ናቸው። ቦሌ መድኃኔዓለም የምታስቀድሰውም፣ ቦሌ ሚካኤል የምትኖረው ሙስሊም እናትም አሳማ ቤታቸው አይገባም። «መድኃኒት ነው፣ ምን ቸገራት» የሚል ሐኪም አውቃለሁ፤ አላከብረውም። በአማርኛ፣ በግልጽ፣ ማደንዘዣ ከመውጋትሽ በፊት ንገሪያት። የንስሐ አባቴን ወይም ሸሁን ልጠይቅ ካለች ቀጠሮ ስጪ፤ የሸሸ ድድ ለሳምንት አይቸኩልም። እምቢ ካለች ከራሷ ላንቃ የሚወሰድ ሥጋ አለ።

6. ኮንዲሽኒንጉን ደረሰኙ ላይ ለብቻው አትጻፊው። ተመራማሪው ማሪዮቲ እ.ኤ.አ. በ2003 ጥናቶቹን ሰብስቦ ሲመረምር፣ ከሦስቱ አንዳቸውም ለታካሚው የሚታይ ጉልህ ጥቅም አላገኘላቸውም። በማይክሮስኮፕ የሚያምረው ሁሉ አፍ ውስጥ ልዩነት አያመጣም። እኔ አሁንም ጄሉን እጠቀማለሁ፤ ንጹሕ ገጽ ደስ ይለኛል፣ ጉዳቱም ትንሽ ነው። ብር ግን አልጠይቅበትም።

7. የሸሸበትን ምክንያት ሳታቆሚ አትስፊ። ሲጋራ፣ ያልተያዘ ስኳር፣ እንደ መጥረጊያ የሚገፋ ብሩሽ። መገናኛ መንገድ ላይ የሚሸጠውን መፋቂያ አልነቅፍም፤ ጠንክሮ ወደ ጎን መፋቁን ነው የምነቅፈው። ከድድ ወደ ጥርስ እንዲፋቅ አሳዪው።

8. ለጥምቀት መጥቶ በሳምንቱ የሚበር ዲያስፖራ ላይ ይኼን ሥራ አትጀምሪ። ስፌቱን ማን ያወጣለታል? ቢያንስ 6 ወር መሣሪያ ሳይገባበት ተጠብቆ የሚለካ ቁስል ነው። ጥርሱን እጠቢለት፣ ፎቶውን ስጪው፣ የሚኖርበት አገር ይሠራለት።

9. ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶች ይመጡልሻል። ከላንቃ የወሰድሽው ሥጋ ሮዝ ስለሆነ በጥቁሩ መካከል ጎልቶ ይታያል፤ የተነቀሰውን ድድ ወደ ታች ብትስቢው ደግሞ የቀለሙ መስመር ይዛባል። መስታወት አስይዘሽ በጣትሽ አሳያት፣ ጥርሷ ካልጠዘጠዛት «እንዲሁ ይሁን» ልትልሽ ትችላለች። ያን ጊዜ ፍሎራይድ ቀብተሽ ሸኚያት።