መዓዛ ያላቸው የመድኃኒት ተክሎች ከባድ ማዕድን ባለበት ሥፍራ ስለሚኾኑት ነገር

በአሶሳና በቤኒ ሻንጉል አገር ወርቅን ከወንዝ አሸዋ አጥቦ ማውጣት የቆየ ሥራ ነው። የግብጹ መሐመድ ዓሊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1820 ዓ.ም. ጦሩን ወደ ሱዳን ሲሰድ አንዱ ምክንያቱ ወርቅ ነበር፤ ኋላም የአሶሳው ገዥ ሼኽ ኾጀሌ አልሐሰን ለዳግማዊ ምኒልክ በወርቅ ይገብሩ ነበር። የድሮው አጣቢ ገበቴና ውሃ ይበቃው ነበር። በአኹኑ ዘመን ግን ሜርኩሪ የሚባለው ባዜቃ በብዙ አገር ወደ ወርቅ ሥራ ገብቷል፤ በዚህም አውራጃ መግባቱ ተሰምቷል።

በየጓሮው ጤና አዳም፣ ዳማከሴ፣ በሶ ብላና ጠጅ ሣር ይተከላሉ። የእነዚህ ሥር ውሃ ሲጠጣ በአፈር የተሟሟ ማዕድን አብሮ ይገባል። ዚንክና መዳብ በጥቂቱ ለተክል ምግብ ናቸው፤ ሲበዙ ግን መርዝ ይኾናሉ። እርሳስና ባዜቃ በጥቂቱም አይጠቅሙትም። ተክሉ ግን ዝም ብሎ አይሸነፍም፤ ድኝ ያለበት ንጥረ ነገር በሰውነቱ ውስጥ ሠርቶ መርዙን ያስረዋል፤ የታሰረውንም እንደ ከረጢት ባለ ሥፍራ ለይቶ ያኖረዋል። ይህን የጀርመን ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1985 ዓ.ም. ገለጡ። ሥራው ጉልበቱን ስለሚጨርሰው ተክሉ ያጥራል፤ ቅጠሉም ይገረጣል።

የመዓዛው ነገር ግን እንግዳ ነው። መርዙ ጥቂት ሲኾን በቅጠሉ ያለው ዘይት አንዳንድ ጊዜ ይጨምራል፤ ሲበዛ ደግሞ ይጎድላል። ስለዚህ ሽታው የበረታ በሶ ብላ ኹሉ ንጹሕ አይደለም፤ በገበያ በአፍንጫው የሚመርጥ ሰውም በዚህ ይሳሳታል።

ባዜቃ የተቀላቀለው ወርቅ በእሳት ሲነድ ባዜቃው ተንኖ ይወጣል፤ ትነቱም በቅጠሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይገባል። በሥር የገባው ግን አብዛኛው በዚያው በሥር ይቀራል። እንግዲህ ከማቅለጫው አጠገብ የበቀለ ጤና አዳም አፈሩ ንጹሕ ቢኾንም ቅጠሉ መርዝ ሊይዝ ይችላል፤ ውሃም ከላይ ያለውን ዐቧራ እንጂ ወደ ውስጥ የገባውን አያጥብም።

የአሶሳ ቀይ አፈር ዝናብ ስለሚያጥበው ኮምጣጣ ነው። በእንዲህ ያለ አፈር ካድሚየምና ዚንክ ፈጥነው ይሟሟሉ፤ ኖራና የበሰበሰ ፍግ ግን ይይዟቸዋል።

ዘይቱ እንደ አረቄ በእንፋሎት ሲወጣ እርሳስና ካድሚየም ከገለባው ጋር ወደ ኋላ ይቀራሉ። ባዜቃ ራሱ የሚተን ስለ ኾነ ግን በዚህ አይታመንም። ደግሞም በቤት የተለመደው ዘይት ማውጣት ሳይኾን ዳማከሴን ለምች ጨምቆ መጠጣት፣ ጤና አዳምን በቡና ማድረግ ነው፤ በዚህም ቅጠሉ የያዘው ወደ ጠጪው ይሻገራል። የዓለም የጤና ድርጅት በአንድ ኪሎ የመድኃኒት ቅጠል ውስጥ እርሳስ ከ10 ሚሊግራም፣ ካድሚየም ከ0.3 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ይህን የሚለየው የላቦራቶሪ መሣሪያ ብቻ ነው።

መምህር የትምህርት ቤቱን አትክልት ሲያስተክል ከወርቅ ማጠቢያው በላይ፣ ከማቅለጫውም ርቆ ነፋስ ጢሱን በማያመጣበት ወገን ይምረጥ፤ ከማጠቢያው የወጣውንም ደለል ለመደብ አያስመጣ።