የሚጠገነውን ግዛ፦ የፊልም ካሜራ ለሚገዛ ወጣት ምክር

ልጄ፣ ዳላስና ፎርት ዎርዝ ያደጉት ልጆቻችን የፊልም ካሜራ መፈለግ ከጀመሩ ወዲህ ጥያቄያቸው አንድ ሆኗል፤ «የትኛውን ብገዛ ገንዘቤ አይባክንም?» ይላሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። በላብህ ያገኘኸውን ዶላር ስታወጣ ዕቃው ነገ ስንት ያወጣል ብለህ ማሰብህ አስተዋይነት ነው። መልሴ አጭር ነው፤ ዋጋውን የሚጠብቅ ካሜራ የሚጠገን ካሜራ ነው። ታዋቂ ሰው አንገቱ ላይ ያንጠለጠለው ወይም መልኩ የሚያብረቀርቀው ሁሉ ዋጋ አይጠብቅም። ባለሙያ ከፍቶ የሚያጸዳው፣ የተሰበረ ክፍሉን በሌላ የሚተካለት ካሜራ ግን ከ50 ዓመት በኋላም ፎቶ ያነሳል። ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ ደግሞ ገዢ አያጣም። የሚከተሉት ምክሮች ሁሉ ከዚህ ሐሳብ የመጡ ናቸው። ዓመቶቹን የጻፍኩት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

1. ከመግዛትህ በፊት ፎቶ ማየት ልመድ።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላል የአገራችን ሰው። ፎርት ዎርዝ የሚገኘው የኤመን ካርተር የአሜሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ከፍተኛ የፎቶግራፍ ክምችት አለው፤ መግቢያውም በነጻ ነው። ይህ ሙዚየም ሪቻርድ አቬዶንን ጋብዞ ከ1979 እስከ 1984 የምዕራብ አሜሪካን ማዕድን ቆፋሪዎች፣ የነዳጅ ጉድጓድ ሠራተኞችና መንገደኞች ፎቶ አስነሥቷል። ሥራው በ1985 እዚያው ለሕዝብ ታየ። አቬዶን የያዘው በአንድ ጊዜ አንድ ትልቅ ፊልም ብቻ የሚጎርስ፣ በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ የሚቆም ካሜራ ነበር። የመረጠውም ለሥራው ስለተስማማው ነው።

ከሙዚየሙ ስትመለስ የወላጆችህን አልበም ግለጥ። አዲስ አበባ ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ እንደ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቹ ያሉ ባለሙያዎች ፎቶ ያነሱባት ከተማ ናት። የዚያ ዘመን የፎቶ ቤት ሥዕሎች ጥራት ከትልቅ ፊልም፣ ከጥሩ ብርሃንና ከትዕግሥት የመጣ ነው። አንተ የምትወደው ተረጋግቶ የተቀመጠን ሰው ፊት ማንሳት ከሆነ ከ35 ሚሊሜትር በሚሰፋው በ120 ፊልም የሚሠራ ካሜራ ይስማማሃል። የምትወደው ሠርግ፣ መንገድና የቤተሰብ ጨዋታ ከሆነ 35 ሚሊሜትር ፊልም ይበቃሃል። ይህን ሳትለይ ወደ ገበያ አትውጣ።

2. ባትሪው ሲያልቅ የማይሞተውን ምረጥ።

ሻተሩ፣ ማለትም ብርሃን ወደ ፊልሙ የሚያሳልፈው መክፈቻና መዝጊያ፣ በስፕሪንግና በጥርስ የሚሠራ ካሜራ ባትሪ ባይኖረውም ፎቶ ያነሳል፤ ባትሪው የሚያስፈልገው ብርሃን ለመለካት ብቻ ነው። ከነዚህ መካከል ፔንታክስ ኬ1000 ከ1976 እስከ 1997 ተመርቶ ከ3 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ለጀማሪ ከእርሱ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። በ1982 የወጣው ኒኮን ኤፍኤም2 ሻተሩ እስከ 1/4000 ሰከንድ ይፈጥናል፤ ጠንካራም ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የወጣው ኦሊምፐስ ኦኤም-1 ቀላልና ትንሽ ነው። ብርሃን መለኪያው የተሠራው ዛሬ ለማይሸጠው የሜርኩሪ ባትሪ ስለሆነ ግን ማስተካከያ ይፈልጋል። ገንዘብ ላለው ደግሞ ላይካ ኤም3 ከ1954፣ ሃሰልብላድ 500ሲ ከ1957 ጀምሮ አሉ። የላይካ ኤም6 ነገር ለምክሬ ምስክር ነው፤ ፋብሪካው ማምረት ካቆመ ከብዙ ዓመታት በኋላ በ2022 ከ5,000 ዶላር በላይ በሆነ ዋጋ እንደገና ማምረት ጀመረ።

በሌላ በኩል ኮንታክስ ቲ2ን ተመልከት። ውብ ነው፤ ሌንሱም ግሩም ነው። ነገር ግን ሁሉ ነገሩ በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራ ሲሆን አምራቹ ኪዮሴራ የካሜራ ሥራውን በ2005 ትቷል። የውስጥ ሰርኪዩቱ ከተቃጠለ መለዋወጫ የሚገኘው ሌላ የሞተ ቲ2 ፈትቶ ነው። በውድ ዋጋ ገዝተህ በአንድ ጠዋት ባዶ ልትቀር ትችላለህ። ካነን ኤኢ-1 በመሐል ያለ ነው። ያለ ባትሪ አይሠራም፤ ሆኖም በሚሊዮን ስለተሸጠ መለዋወጫውም ጠጋኙም አይጠፋም።

አባትህ ወይም አጎትህ ከሶቪየት ኅብረት ይዘውት የመጡት ዜኒት ሣጥን ውስጥ ካለ እንዳትሸጠው። በብዛት የተመረተ በመሆኑ ብዙ አያወጣም፤ አስጠግነህ ተማርበት።

3. ሌንሱን ከካሜራው አስበልጥ።

ካሜራ ስትገዛ የምትገባው ሌንስን ከካሜራ ወደሚያገናኝ አንድ የማያያዣ ዓይነት ነው። የኒኮን ኤፍ ማያያዣ ከ1959፣ የላይካ ኤም ከ1954፣ የፔንታክስ ኬ ከ1975 ጀምሮ አሉ። እነዚህ ሌንሶች በዛሬዎቹ ዲጂታል ካሜራዎችም ላይ ስለሚገጠሙ ፈላጊያቸው ብዙ ነው። ካነን በ1987 አዲስ ማያያዣ አውጥቶ የኤኢ-1ን ሌንሶች ወደ ኋላ ስለተዋቸው ዋጋቸው ዝቅ ብሎ ቆየ። ይህ ለሚጠቀም ሰው መልካም፣ ዋጋ ለሚጠብቅ ሰው ግን ማስጠንቀቂያ ነው። ኤፍኤም2 ከገዛህ ደግሞ ከ1977 በፊት የተሠሩና ያልተሻሻሉ የኒኮን ሌንሶችን በላዩ አትግጠም፤ ካሜራውን ሊጎዱ ይችላሉ። አንድ ጥሩ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይበቃሃል።

4. መጀመሪያ ከሱቅ፣ በኋላ ከገበያ።

በዚህ አካባቢ ያገለገሉ ካሜራዎች የሚሸጡባቸው የታወቁ ቤቶች አሉ፤ ዳላስ ውስጥ ኮምፔቲቲቭ ካሜራስና ዶንስ ዩዝድ ፎቶ ኢኩዊፕመንት፣ አርሊንግተን ውስጥ አርሊንግተን ካሜራ፣ ፎርት ዎርዝ ውስጥ ፎርት ዎርዝ ካሜራ ይጠቀሳሉ። ደውለህ ያላቸውን ጠይቅና ሄደህ በእጅህ ያዘው። ሱቅ ከግለሰብ ሻጭ ይወደዳል፤ እስከ 8.25 በመቶ የሚደርስ የሽያጭ ግብርም ይጨመርበታል። ግን የመመለሻ ቀን ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ከሰጠህ፣ ለመጀመሪያ ካሜራህ ያ ተጨማሪ ገንዘብ የትምህርት ክፍያ ነው።

ዓይንህ ከሠለጠነ በኋላ ወደ ገበያ ውጣ። ከዳላስ በስተ ምሥራቅ ካንተን ከተማ የሚቆመው የፈርስት መንደይ ገበያ በየወሩ ከመጀመሪያው ሰኞ በፊት ባሉት ቀናት ከሐሙስ እስከ እሑድ ይውላል። ግራንድ ፕሬይሪ ያለው ትሬደርስ ቪሌጅ ቅዳሜና እሑድ ክፍት ነው። አዛውንት ሲያርፉ ወይም ቤት ሲለቁ የሚደረገው ኢስቴት ሴልም አለ፤ እዚያ ለብዙ ዓመት በአንድ ሰው እጅ የቆየ ካሜራ ይገኛል። በስልክ ከተገናኘኸው ሰው የምትገዛ ከሆነ ርክክቡን በቀን፣ ሰው ባለበት አድርግ። በአካባቢያችን ብዙ የፖሊስ ጣቢያዎች ለዚህ የሚሆን ቦታ አዘጋጅተዋል። ሳታየውና ሳትነካው ገንዘብ አትላክ።

5. በእጅህ ሳትፈትሽ አትክፈል።

መጀመሪያ ውስጡ ፊልም እንዳለ ሻጩን ጠይቅ፤ ካለ እንዳትከፍተው። ከሌለ የጀርባውን በር ከፍተህ ፊልም ማዞሪያውን ሳብና ሻተሩን በሁሉም ፍጥነት ልቀቅ። ከ1 ሰከንድ ጀምር። ቀርፋፋዎቹ ፍጥነቶች መሐል ላይ ከተንጠለጠሉ ውስጡ ያለው ቅባት ደርቋል ማለት ነው። በከፍተኛው ፍጥነት ካሜራውን ወደ ብርሃን አዙረህ በጀርባው በኩል እይ፤ ብርሃኑ ሙሉውን ክፍት ቦታ እኩል መሙላት አለበት። እንደ ላይካ ባሉት ላይ የሻተሩ መጋረጃ ጨርቅ ስለሆነ ፀሐይ ያቃጠላቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች መኖራቸውን በባትሪ መብራት ፈልግ።

ቀጥሎ ሌንሱን አውጥተህ የስልክህን መብራት ከኋላው አብራ። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካየህ ሻጋታ ነው፤ ተወው። እንደ ጭጋግ ያለ ነጭ ነገር አንዳንዴ ይጸዳል፤ ዋጋው ግን መቀነስ አለበት። ብርሃን የሚያጠብበውና የሚያሰፋው ቀለበት ሲዞር በውስጡ ያሉት ስስ ብረቶች ደረቅና ፈጣን መሆን አለባቸው፤ ዘይት ካለባቸው ሥራ ይጠብቅሃል።

የባትሪውን ክዳን ፍታ፤ አረንጓዴ ዝገት ካለ ሽቦው ተበልቶ ሊሆን ይችላል። በበሩ ዙሪያና ከመስተዋቱ በላይ ያለውን ስፖንጅ ንካ፤ በአሮጌ ካሜራዎች ላይ ቀልጦ እንደሚጣበቅ ዕወቅ። ይህ በጥቂት ዶላር የሚቀየር ስለሆነ አያስደንግጥህ፤ ግን ለዋጋ ድርድር ተጠቀምበት። ብርሃን መለኪያውን በስልክህ ካለው መለኪያ ጋር አስተያይ። በመጨረሻም ሩቅ ያለ ሕንፃ አይተህ ሌንሱ እስከ ጥግ ሲዞር ምስሉ ጥርት ማለቱን አረጋግጥ። ሻጩ ይህን ሁሉ እንድታደርግ ካልፈቀደልህ አመስግነህ ሂድ።

6. ዋጋውን ከተሸጠው እንጂ ከተጠየቀው አትማር።

ሰው በኢንተርኔት ላይ የፈለገውን ዋጋ መጻፍ ይችላል። አንተ የምትመለከተው በእርግጥ ተሸጠው ገንዘብ የተከፈለባቸውን ነው፤ በዚሁ ሞዴል የቅርብ ጊዜ ሽያጮችን ሰብስብና መካከለኛውን ያዝ። ያልተፈተሸ ካሜራ ከሆነ የጥገናውን ዋጋ ቀንስ። አንድን መካኒካዊ ካሜራ አስጸድቶ፣ አስቀብቶና አስተካክሎ ማውጣት ብዙውን ጊዜ ከ100 ዶላር በላይ ያስወጣል፤ ላይካ ደግሞ የበለጠ። በቅርቡ የተጠገነበት ደረሰኝ ያለው ካሜራ ከሌላው ቢወደድ ተገቢ ነው። ደረሰኙን፣ ሣጥኑንና መመሪያውን አትጣል፤ ስትሸጠው ይጠቅምሃል።

በክሬዲት ካርድ ዕዳ ገዝተህ ወለድ እየከፈልህ «ዋጋውን ይጠብቃል» ማለት ራስን ማታለል ነው። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚባለው ይህ ነው። በእጅህ ካለህ ገንዘብ ግዛ፤ ከፊሉንም ለፊልም አስቀር። ፊልሙ፣ ማሳጠቢያውና ስካኑ ሲደመር አንድ ባለ 36 ፊልም ብዙውን ጊዜ ከ25 ዶላር ያልፋል።

7. ፊልሙ ዛሬም የሚመረት መሆኑን እይ።

ኮዳክሮም የዓለም ዝነኛ የቀለም ፊልም ነበር። ኮዳክ በ2009 ምርቱን አቆመ፤ በ2010 መጨረሻ ደግሞ ሊያጥበው የቀረው የመጨረሻ ቤት፣ በካንሳስ ፓርሰንስ ከተማ ያለው፣ ይህን ፊልም መቀበል አቆመ። ዛሬ ያን ፊልም በቀለም የሚያጥብልህ የለም። 35 ሚሊሜትርና 120 ፊልም ግን አሁንም ከአንድ በላይ ፋብሪካዎች ያመርቱታል፤ ኮዳክም በ2018 ኤክታክሮምን መልሶ አውጥቷል። እንደ ኤፒኤስ ያሉ ምርታቸው የቀረ ፊልሞችን የሚጎርሱ ካሜራዎች ርካሽ የሆኑት በምክንያት ነው።

8. ከቴክሳስ ሙቀትና ከአየር ማረፊያ መመርመሪያ ጠብቀው።

በበጋ 100 ዲግሪ ፋራናይት በሚያልፍበት አገር ካሜራን በመኪና ውስጥ መተው ማጥፋት ነው። ቅባቱ ይሟሟና ወደ ሻተሩና ወደ ሌንሱ ይፈሳል፤ ፊልሙም ቀለሙ ይበላሻል። ፊልም በፍሪጅ፣ ካሜራ በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ። አሮጌ የቆዳ ማኅደር ውስጥ ግን ለዓመታት አትዝጋበት፤ እርጥበት ይይዛል። በክረምት አዲስ አበባ ይዘኸው ከሄድህ እርጥበት መጣጭ ከረጢት አብረህ አስቀምጥ። በአየር ማረፊያ ደግሞ አዲሶቹ የሲቲ መመርመሪያዎች ያልታጠበ ፊልም ያበላሻሉ፤ ፊልሙን በግልጽ ፕላስቲክ ይዘህ በእጅ እንዲፈተሽልህ በትሕትና ጠይቅ። ወደ ጭነት ሻንጣ ፈጽሞ አታስገባው።

9. ፊልም ጫንበትና ተጠቀምበት።

ዳላስ ለዚህ ምስክር አላት። ኖቬምበር 22 ቀን 1963 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሲገደሉ የዳላስ ታይምስ ሄራልድ ፎቶ አንሺ ቦብ ጃክሰን ቀና ብሎ በመስኮት የወጣውን ጠመንጃ አየ። በእጁ የነበረው ካሜራ ግን ባዶ ነበር፤ ያለቀውን ፊልም አውጥቶ ለባልደረባው ወርውሮለት ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ በፖሊስ ጣቢያው ምድር ቤት ጃክ ሩቢ የተባለ ሰው በግድያው በተከሰሰው በኦስዋልድ ላይ ሲተኩስ ጃክሰን ኒኮን ካሜራውን ይዞ ዝግጁ ነበር፤ ያ ፎቶ በ1964 የፑሊትዘር ሽልማት አስገኘለት። ኬኔዲ በተገደሉበት አደባባይ ግድያውን የቀረጸው አብርሃም ዛፕሩደር ልብስ አምራች ነበር፤ የያዘውም ተራ የቤተሰብ ተንቀሳቃሽ ምስል መቅረጫ ነበር። ፊልሙ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ በ1999 የአሜሪካ መንግሥት ለቤተሰቡ 16 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተወሰነ። ያ ሁሉ ገንዘብ የተከፈለው ለተቀረጸው ነገር ነው።

ካሜራም ቆሞ ሲቀር ይበላሻል፤ ቢያንስ በወር አንዴ ሻተሩ ይልቀቅ። ከሁሉ በላይ ግን ጋርላንድና ሪቻርድሰን ባሉት ቤቶቻችን ይህን አገር የከፈቱልን ሰዎች እያረጁ ነው። እናትህ ቡና ስታፈላ፣ አባትህ ከሥራ ሲገባ፣ የጥምቀት በዓል ሲከበር፣ ሽማግሌዎች ሲያስታርቁ አንሳቸው። ኔጌቲቩን አትጣል፤ ስም፣ ቦታና ቀን ጻፍበት። ካሜራውን ነገ ብትሸጠው የከፈልኸውን ይመልስልህ ይሆናል፤ የወላጆችህን ፎቶ ግን የሚሸጥልህ ማንም የለም። ስለዚህ የሚጠገነውን ግዛ፣ ፊልም ጫን፣ መጀመሪያም እነርሱን አንሳ።