ከተውባህ በኋላ መልሰህ ብትጠጣስ?



የዛሬው የጁሙዓ ማስታወሻችን አስካሪ መጠጥ ሀራም መሆኑን ለማስረዳት አይደለም። እሱን ታውቁታላችሁ። የሱረቱል ማኢዳህን 90ኛና 91ኛ አንቀጾች ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ አድገናል። ዛሬ የማናግረው ይህን እያወቀ ይጠጣ የነበረውን፣ ከዚያ ተውባ አድርጎ ወራት የቆየውን፣ ከዚያ ደግሞ አንድ ምሽት መልሶ የጠጣውን ወንድሜን ነው። እህቴም ብትሆኚ ነገሩ ያው ነው፤ ለአጻጻፍ እንዲቀለኝ "አንተ" እያልኩ እቀጥላለሁ።

እስቲ እንዲህ ብለን እናስብ። ሉማሜ ነህ። ወሩ ጥር ነው፤ ጤፉ ተወቅቶ ገበያ የሚወጣበት፣ ሠርግም የሚደራረብበት ጊዜ። ጤፍ ትገዛለህ፣ ታስጭናለህ፣ ወደ አዲስ አበባ ትልካለህ። አምስት ወር ሙሉ ጠብታ አልቀመስክም። ኪስህ ውስጥ ብር አለ። ከፊሉ ያንተ ነው፣ ከፊሉ ጤፉን በእምነት ላስረከበህ ገበሬ የሚከፈል ነው፣ ከፊሉ የእቁብ ነው። ጎረቤት ሠርግ ጠራህ። ለሙስሊሙ ለብቻው ታርዷል፣ ለብቻው ተዘጋጅቷል፤ ብርዝም አለ። ባለሠርጉ ሐቅህን ጠብቆልሃል፤ ጎረቤትን አንወቅስም። ነገር ግን ስትወጣ የድሮ ጓደኛህ በር ላይ ያዘህና "በሞቴ፣ አንዲት መለኪያ ብቻ" አለህ።

በማግስቱ ስትነቃ ሱብሕ አልፏል። ኪስህ ባዶ ነው። ስልክህ ላይ በሌሊት የወሰድከው፣ አንተ ግን የማታስታውሰው ብድር አለ። ባለቤትህ ልጁን ይዛ እናቷ ቤት ሄዳለች። ሉማሜ ደግሞ ትንሽ ከተማ ናት፤ ወሬው ካንተ ቀድሞ ተነስቷል።

ያን ጠዋት ምን ታደርጋለህ?

ሸይጧን መልሱን አዘጋጅቶ ነው የሚጠብቅህ። መጀመሪያ "አበቃ፤ ያ ሁሉ ተውባ ውሸት ነበር፤ አንተ ሙናፊቅ ነህ" ይልሃል። ካመንከው ሁለተኛውን ያመጣል፦ "የጠጣ ሰው 40 ቀን ሶላቱ አይቀበልም ተብሏል። ታዲያ ለምን ትሰግዳለህ?" በዚህች ሁለተኛ ቃል ስንት ወጣት ከመስጂድ እንደቀረ አላህ ይወቀው። እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያለብን ለዚህ ነው።

ሐዲሡ አለ፤ ቲርሚዚና ነሳኢ ዘግበውታል። ዑለማዎች ግን "አትስገድ" ማለት ነው ብለው አልተረዱትም። የሰገድከው ሶላት ግዴታህን ያወርድልሃል፤ መድገም አይጠበቅብህም። የሚጎድልብህ አጅሩ ነው። ሶላትን ከተውክ ግን በአንዱ ወንጀል ላይ ከእሱ የሚከብድ ሌላ ወንጀል ጨመርክ ማለት ነው። ሰዎች ሐዲሡን ሲያወሩ ግማሹ ላይ ይቆማሉ። እዚያው ላይ "ተውባ ካደረገ አላህ ተውባውን ይቀበለዋል" የሚል መልእክት አለ። ለሚደጋግም ሰው የመጣው ዛቻ ከባድ መሆኑን አልደብቅህም፤ ቀላል ነገር አድርጌ ላቀርብልህም አልፈልግም። ነገር ግን ነፍስ ጉሮሮ እስክትደርስ ድረስ የተውባ በር ክፍት መሆኑን የሚናገሩት መረጃዎች ብዙና ግልጽ ናቸው። ስለዚህ ያን ጠዋት ስካሩ ለቆህ የምትናገረውን ማወቅ ከጀመርክ ተነስ፣ ልብስህንና አፍህን አጥራ፣ ዉዱእ አድርግ፣ ያለፈህን ሱብሕ ስገድ።

"ሙናፊቅ ነህ" ወደሚለው እንመለስ። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ዐብዱላህ የሚባል፣ በቅጽል ስሙ "ሒማር" እየተባለ የሚጠራ ሰው ነበር። ቡኻሪ ከዑመር (ረ.ዐ) እንደዘገቡት ነቢዩን ያስቃቸው ነበር። በመጠጥ ምክንያት ተቀጥቷል። ከዚያም ዳግመኛ ጠጥቶ አመጡት። ከቆሙት ሰዎች አንዱ "ስንቴ ነው የሚያመጡት!" ብሎ ረገመው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እርግማኑን ከለከሉ፤ ሰውየው አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድ መሰከሩለት። ልብ በል፤ ቅጣቱ አልቀረለትም፣ መጠጡም "ምንም አይደለም" አልተባለም። ፍቅሩ ግን አልተካደም። ኢብኑ ሐጀር በፈትሑል ባሪ የጠቀሱት ደግሞ ይገርመኛል፤ ይኸው ሰው ቅቤ ወይም ማር በዱቤ ይገዛና ለነቢዩ በስጦታ ያመጣል፣ ባለገንዘቡ ሲጠይቀው እሱኑ ይዞ መጥቶ "ዋጋውን ክፈሉት" ይል ነበር፤ ነቢዩም ፈገግ ብለው ያስከፍሉለት ነበር። ዕዳ ያለበት፣ መልሶ የሚወድቅ፣ ግን ከነቢዩ ደጅ የማይጠፋ ሰው። አንተ ከመስጂዱ ደጅ ለምን ትጠፋለህ?

ሌላም ልጨምርልህ። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥ ላይ አንድ ባሪያ ወንጀል ሠርቶ ምሕረት ይጠይቃል፤ ይማራል። ደግሞ ይሠራል፤ ደግሞ ይጠይቃል፤ ይማራል። ሦስተኛም እንደዚያው። ኢማም ነወዊ ከዚህ ተነስተው ወንጀሉ ቢደጋገምም ሰውየው በየጊዜው ከልቡ እስከተመለሰ ድረስ ተውባው ተቀባይነት እንዳለው ያብራራሉ። የኋላኛው ጥፋት የፊተኛውን ተውባ አያፈርሰውም። አምስቱ ወር አልጠፋም፤ አላህ ዘንድ ተመዝግቧል። ዛሬ የምትጀምረው የትናንቱን ምሽት ከመመለስ እንጂ ከዜሮ አይደለም።

አሁን ስለ አካልህ አንድ ነገር ልበል፤ ሕይወት ያለበት ነገር ስለሆነ አትለፈው። አንድ ምሽት ጠጥተህ ከሆነ ውኃ፣ ምግብና እንቅልፍ ይበቃሃል። ወድቀህ ለሳምንታት በየቀኑ ብዙ ስትጠጣ ከቆየህ ግን በአንድ ጊዜ ብቻህን ቤት ዘግተህ ማቆም አደጋ አለው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ገደማ እጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የሌለ ነገር ማየት፣ እንደሚጥል በሽታ መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል። ይህን ያየ ቤተሰብ አንዳንዴ "ጂን ነው" ብሎ ሩቃ ላይ ብቻ ይቆያል። ቁርኣኑ ይቀራ፤ ሰውየው ግን በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ለሉማሜ ልጅ ደብረ ማርቆስ ቅርብ ነው፤ አዲስ አበባ ያለህ ደግሞ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ይሰጣል። ሕይወትህን የማጥፋት ሐሳብ እየመጣብህ ከሆነ ይህን ጽሑፍ ጨርሰህ አታንብብ፤ አሁኑኑ አጠገብህ ላለ ሰው ንገርና ይዞህ ወደ ሐኪም ይሂድ። መታከም ከተወኩል ጋር አይጋጭም። ዩኒቨርሲቲ ስለ አንጎል ያስተማሩኝና መድረሳ ስለ ነፍስ የቀራሁት በዚህ ላይ ተጣልተው አያውቁም።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ብዙዎቻችን ስለ ተውባ ስናወራ እንባና ኢስቲግፋር ላይ እናቆማለን። የሰው ሐቅ ያለበት ተውባ ግን ሐቁን መመለስ ይጨምራል። የእቁቡ ብር ያንተ አልነበረም፤ የገበሬውም አልነበረም። ያ ገበሬ በዚያ ብር ማዳበሪያ ሊገዛ ወይም ልጁን ሊያስተምር አስቦ ይሆናል።

ወረቀት አውጣና ጻፈው። የማን እንደሆነ፣ ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚከፈል። ስልክህ ላይ ያለውንም ጨምር። ይህን ማየት ያማል፤ ሰው ብዙ ጊዜ መልሶ የሚጠጣው ደግሞ ይህን ላለማየት ነው። ቁጥሩን ካየኸው በኋላ ግን መጠን አለው፤ ጭንቅላትህ ውስጥ እንደነበረው ማለቂያ የሌለው አይሆንም።

ከዚያ የክፍያው ቀን ሳይደርስ ሂድና ተናገር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሶላታቸው ከዕዳ በአላህ ይጠበቁ ነበር። ለምን ተብለው ሲጠየቁ ሰው ባለዕዳ ሲሆን ሲናገር እንደሚዋሽ፣ ቀጠሮ ሲሰጥም እንደሚያፈርስ ነገሩን። ያንተም ፈተና እዚሁ ጋ ነው። "መኪናው ተበላሸ፣ አዲስ አበባ ያለው ሰውዬ አልላከልኝም" ማለት ትጀምራለህ። አትበል። ግን ደግሞ ለሁሉም "ጠጥቼ አጠፋሁት" ማለት አይጠበቅብህም። አላህ የሸፈነውን ወንጀል በአደባባይ መግለጥ ራሱ የተከለከለ ነው። ለእቁቡ ዳኛ "ገንዘቡን አጉድያለሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ በወር ይህን ያህል እየከፈልኩ በዚህ ወር እጨርሳለሁ" ማለት ይበቃል። እውነት ነው፤ ዝርዝር ግን አይደለም። ዋስህንም አብረህ ንገረው፤ ከሌላ ሰው አፍ አይስማ። የምትችለውን ያህል ብቻ ቃል ግባ። በሱረቱል በቀራህ 280ኛው አንቀጽ አበዳሪው ለተቸገረ ባለዕዳ እስኪያገኝ ጊዜ እንዲሰጠው ታዟል፤ ይህ ግን ለተቸገረ እንጂ ለሚደበቅ አይደለም። የሰውን ገንዘብ ሊመልስ አስቦ የወሰደን አላህ እንደሚከፍልለት በቡኻሪ ሐዲሥ ተነግሯል። እንግዲህ ኒያህን አሁን አስተካክል።

ዕዳውን በአንድ ቀን ለመዝጋት የሚመጡልህን ሐሳቦች ተጠንቀቅ። ቤቲንግ ቁማር ነው፤ በዚያው የማኢዳህ አንቀጽ ላይ ከኸምር ጎን የተጠቀሰው እሱ ነው። ከአንዱ የስልክ ብድር ተበድሮ ሌላውን መክፈል ወለድን በወለድ መደራረብ ነው። በሌሊት የወሰድከውን ብድር መጀመሪያ ዝጋና ከስልክህ አጥፋው። ለወራት ያህል የኤቲኤም ካርድህን ለምታምነው ወንድምህ ወይም ለባለቤትህ ስጥ። የጤፉን ሂሳብም ጥሬ ብር ይዘህ ከማምሸት በቀጥታ በገበሬው አካውንት አስገባ። ይህ ውርደት አይደለም፤ ረሀብተኛ ሰው እንጀራ ጠባቂ አይሆንም።

ባለቤትህን በተመለከተ "ማርያለሁ በይኝ" ብለህ አትሂድ፤ አማትህ ቤት ሽማግሌ ከመላክህም በፊት ወረቀቱን ይዘህ ሂድ። እሷ "ሁለተኛ አልጠጣም" የሚለውን ሰምታዋለች። ያልሰማችው ስንት እንዳለብህ፣ ለማን እንደተናገርክና ካርዱ ማን ጋ እንዳለ ነው። ብትቆጣ ትቆጣ። ጊዜ ስጣት። ምሽቱ ላይ እጅህን አንስተህባት ከሆነ ደግሞ ነገሩ የመጠጥ ብቻ አይደለም፤ "ሰክሬ ነው" ማለት ሐቋን አያወርድልህም። እስክትድን ድረስ እናቷ ቤት መቆየቷ መብቷ ነው።

ለእናንተ ለጀመዓው ደግሞ ይህን ልበል። ኢብኑ ከሢር በሱረቱ ጋፊር ተፍሲር ላይ እንደጠቀሱት ዑመር (ረ.ዐ) አንድ የሻም ሰው ቢጠፋባቸው ጠየቁ፤ መጠጥ ውስጥ መግባቱ ተነገራቸው። ደብዳቤ ጻፉለት። የጻፉለትም አላህ ወንጀል መሓሪ፣ ተውባ ተቀባይ፣ ቅጣተ ብርቱ መሆኑን የሚናገረውን የሱራውን መጀመሪያ ነበር። ሰውየው እየደጋገመ አንብቦት አለቀሰና ተመለሰ። ዑመርም ወንድማችሁ ሲንሸራተት አቅኑት፣ ዱዓእ አድርጉለት፣ በእሱ ላይ የሸይጧን አጋዥ አትሁኑ አሉ። እኛስ? ሁለት ጁሙዓ የጠፋ ልጅ ሲኖር እናወራበታለን እንጂ ማን ደወለለት? ተመልሶ ሲመጣ "ዛሬ ከየት ተገኘህ" የምትለዋ ሳቅ ስንቱን ከበር መልሳዋለች።

ገንዘብ ያላችሁ ደግሞ አስተውሉ፤ በሱረቱ ተውባህ 60ኛው አንቀጽ ዘካ ከሚሰጣቸው ስምንት ወገኖች አንዱ ባለዕዳ ነው። በወንጀል ዕዳ የገባ ሰው ተውባ ካደረገ ይሰጠዋል ያሉ ዑለማዎች አሉ። ስትሰጡ ግን ብሩን በእጁ አታስጨብጡት፤ ለባለገንዘቡ ለራሱ ክፈሉለት።

ሰሞኑን ሌላ ሠርግ መጥራቱ አይቀርም። ኸምር በሚዞርበት ማዕድ ላይ መቀመጥን የሚከለክል ሐዲሥ አለ። በቀን ሂድ፣ ለሙስሊሙ የተዘጋጀው ጋ ብላ፣ መርቅና ሳይመሽ ውጣ። ብቻህንም አትሂድ። "በሞቴ" ለሚልህ ጓደኛ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ "ትቼዋለሁ" በለው። ሦስቴ ቢደግም ሦስቴ መልስለት።

አንዱ በውስጥ መስመር "መጠጥ ቤቱ የያዘብኝን ዱቤ ልክፈል ወይስ የሀራም ዋጋ ስለሆነ ልተወው?" ብሎ ጠይቋል። የኸምር ዋጋ በሙስሊሞች መካከል ሐቅ እንደማይሆን ይታወቃል፤ ሻጩ ሙስሊም ካልሆነ ግን ዝርዝር ስላለው አቅራቢያህ ያለ ዓሊም ጋ በአካል ሄደህ ጠይቅ። ሸሪዓን ዕዳ መካጃ እንዳታደርገው ብቻ ተጠንቀቅ። ክፈል ከተባልክ ደግሞ ብሩን ይዘህ ራስህ አትሂድ፤ ሰው ላክበት።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።